የእሽቅድምድም ፈረሶች «መንጋ» ይባላሉ?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝ የመጣ የፈረስ እሽቅድምድም ዘገባ እየተረጎምኩ ነው። አንድ አሠልጣኝ የያዛቸውን ፈረሶች «ስትሪንግ»፣ ለአንድ ውድድር የቀረቡትን ደግሞ «ፊልድ» ይላቸዋል። ሁለቱንም «የፈረስ መንጋ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። መንጋ እረኛ የሚነዳው ከብትና በግ ነው፤ ወይም ጭራሽ እረኛ የሌለው አንበጣና ዝንጀሮ። መስክ ላይ የተለቀቁ ፈረሶች መንጋ ቢባሉ ያምርባቸዋል። ኮርቻ ተጭነው፣ ልጓም ጎርሰው፣ ጋላቢ ተፈናጦባቸው መነሻው ላይ የቆሙትን ግን መንጋ ማለት ባለቤት አልባ ማድረግ ነው። «የመንጋ ፍርድ» ከተለመደ ወዲህማ ቃሉ ራሱ ሥርዓት አልባነት ይሸታል።

አማርኛ እንስሳትን በቡድን ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሥራቸውን ነው። አንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች «ጥማድ» ናቸው፤ «ሦስት ጥማድ በሬ አለው» ከተባለ በሬዎቹ ስድስት ናቸው። ጭነው በረሃ የሚያቋርጡ ግመሎች «ቅፍለት» ይሆናሉ። የተጋላቢ ፈረስ ነገር ሲመጣ ደግሞ የምንቆጥረው ሰውየውን ነው፦ «አርባ ፈረሰኛ መጣ»። በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የአገው ማኅበርም ስሙ የፈረሰኞች እንጂ የፈረሶች አይደለም።

ስለዚህ ለ«ስትሪንግ» አንድ ቃል አይፈልጉለት፤ «በአሠልጣኙ እጅ ያሉት ፈረሶች» በቂ ነው። ጠዋት ተከታትለው ለልምምድ ሲወጡ ከሆነ «ተርታው» ማለት ይቻላል። «ፊልድ»ን «ሜዳ» ብሎ መተርጎም ግን የተለመደ ወጥመድ ነው። «ሜዳው 14 ፈረሶች ነበሩት» ቢሉ አንባቢ የሚታየው ሣሩ ነው። «ለውድድሩ 14 ፈረሶች ቀረቡ» ይበሉ። ዘገባው ስለ ውርርድ የሚያወራ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ እዚያ «ፊልድ» አንዳንዴ ያሸንፋል ከተባለው ፈረስ በቀር የቀሩትን ሁሉ ማለት ነው። ያኔ «የቀሩት ፈረሶች» ይበሉ፤ «ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ» ካሉ ትርጉሙ ይገለበጣል።

«ስቴብል»ም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው ቤቱንም በውስጡ ያሉትንም ይጠራበታል፤ የኛ «ጋጣ» ግን ቤቱ ብቻ ነው። «ጋጣው ሦስት ጊዜ አሸነፈ» አይባልም፤ «የዚያ ጋጣ ፈረሶች ሦስት ጊዜ አሸነፉ» ይባላል።

የቀረው ሰዋስው ነው። መንጋ ማለት የግድ የሚሆንበት ቦታ ካለ «የፈረስ መንጋ» ይጻፉ፤ «የፈረሶች መንጋ» ብዛትን ሁለት ጊዜ መናገር ነው። ግሱም መንጋን ይከተላል፦ «መንጋው ወደ ወንዝ ወረደ»። «ወረዱ» የሚባለው «ፈረሶቹ» ሲሉ ነው። ጥማድ ግን «የ» አይወድም፤ «ሁለት ጥማድ በሬ» ነው እንጂ «ሁለት የበሬ ጥማድ» ያለ ገበሬ የለም።