መልስ፦ ደረሰኙ ለምን «ቀበሌ» ይላል?

ወንድሜ፣ በአያትህ ሣጥን ውስጥ ያገኘኸው የቤት ኪራይ ደረሰኝ ለምን የማዘጋጃ ቤት ሳይሆን የቀበሌ ማኅተም እንዳለበት ጠይቀሃል። ዓመቱን እየው።

ማዘጋጃ ቤቶች በአዋጅ የተደራጁት በ1937 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባና ጎንደር ከንቲባ ነበራቸው፣ ሌላው ከተማ የከተማ ሹም። ገቢያቸው የቦታና የቤት ግብር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቄራ ክፍያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ግን ነገሩ ተገለበጠ። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። እስቲ አስበው፣ በዚያን ጊዜ በትንሽ ከተማ ከ100 ብር በላይ የሚከራይ ስንት ቤት ይገኛል? ስለዚህ ሁሉም ማለት ይቻላል ቀበሌ እጅ ገባ።

ቀበሌው እንግዲህ በዚያች የኪራይ ሳንቲም ነበር ቦይ የሚያስቆፍረው፣ የጋራ ሽንት ቤት የሚያሠራው። ኪራዩ ደግሞ በአዋጁ ተቀንሷል፣ ጣሪያ ለመጠገን እንኳን የት ይበቃል! የቀበሌ ቤት ቆርቆሮ ለምን እንደዛገ ገባህ አይደል?

ለመሆኑ የአያትህ ኪራይ ስንት ብር ይላል?