ለንብረት ክፍል ሥራ የትኛው እስክርቢቶ?

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሥራ በማግኘትሽ እንኳን ደስ አለሽ። የጻፍሽልኝን ለሌሎቹ አንባቢዎችም ባጭሩ ላስቀምጠው። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ከጮቄ ሥር ባለ አንድ ወረዳ ንብረት ክፍል ተቀጥረሻል። በየቀኑ የምትጽፊበት ደህና እስክርቢቶ ልግዛ ብለሽ ማርቆስ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞርሽ፣ ከብዛቱ የተነሳ ግራ ገባሽ። አጎትሽ ለምርቃትሽ ያመጣልሽ በቀለም የሚሞላ ብዕርም አለሽ። በዚያ ላይ የምትጽፊው በግራ እጅሽ ነው። ጓደኞችሽ «እስክርቢቶም ምክር ይጠየቅበታል እንዴ» ብለው ሳቁብሽ።

ይጠየቅበታል እንጂ! ያንቺ ሥራ ከሞላ ጎደል ወረቀት ላይ ነው። ዛሬ የፈረምሽበት ሰነድ ከዓመታት በኋላ ኦዲተር ፊት ይቀርባል፣ ያኔ ስለ አንቺ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ከልቤ ነው የምመልሰው።

መልሴ ይኸውልሽ። ለሥራሽ ሰማያዊ፣ ጫፉ 1.0 ሚሊሜትር የሆነ፣ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው ተራ እስክርቢቶ ያዢ። ጄል የሚባለው፣ ውኃማ ቀለም ያለው ዓይነት አይሁን። የአጎትሽን ብዕር አትጣይው፣ ግን ደረሰኝ ላይ አታሳርፊው። ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ባለሱቁ ያማረውን እያነሳ ሲያሳይሽ አትደናገሪም።

ንብረት ክፍል ማለት ደረሰኝ ማለት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ትቆርጫለሽ። ዋናው ላይ የጻፍሽው ከሥር ባሉት ቅጂዎች ላይ በካርቦን ወረቀት ነው የሚያልፈው። ወደ ታች የሚያሳልፈው ደግሞ የእጅሽ ግፊት ነው። ተራ እስክርቢቶ ጫፉ ላይ ጠንካራ የብረት ኳስ አለችው፣ ተጫን ካልሽው ይጫናል። ጄልና በቀለም የሚሞላ ብዕር ግን የተሠሩት ሳይጫኑ እንዲፈሱ ነው። በእነሱ ብትጽፊ ዋናው ያምራል፣ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ግን ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም። ያ ሦስተኛ ቅጂ ነው እንግዲህ ፓዱ ላይ ቀርቶ አንቺን የሚጠይቅሽ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት በምትሞይው ደረሰኝ የመጨረሻ ቅጂና በሚቀጥለው ደረሰኝ መካከል ጠንካራ ካርቶን አስገቢ። አለበለዚያ ጽሑፍሽ ወደሚቀጥለው ቁጥር ደረሰኝ ያልፍና ባዶው ወረቀት ላይ የሌላ ዕቃ ዝርዝር ይታተማል። ከዚያ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

አሁን ስለ ቀለሙ። ዛሬ የምናውቀውን እስክርቢቶ ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ ነው በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወፍራም፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በቱቦ ውስጥ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ። ኳሷ ስትዞር ቀለሙን ይዛ ትወጣለች። በኋላ ፈረንሳዊው ማርሴል ቢክ መብቱን ገዝቶ በ1950 ቢክ ክሪስታልን አወጣ፤ እኛም «ቢክ» የምንለው እሱን ነው። የእሱ ኳስ ከተንግስተን ካርባይድ ትሠራለች፣ በጣም ጠንካራ ስለሆነች ቶሎ አትበላም። ርካሽ አስመሳይ እስክርቢቶ ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኳሷና የተቀመጠችበት ጎድጓዳ በልክ አልተሠሩም፣ ስለዚህ አንዴ ቀለም ይተፋል፣ አንዴ ይደርቃል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ አይመችም፤ ተ፣ ቱ እና ቲ የሚለዩት በትንሽ ምልክት ነው፣ አንድ የቀለም ጠብታ ምልክቷን ዋጥ ካደረጋት የሰው ስም ይቀየራል።

ቀለሙ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውም አለ። አብዛኛው ተራ እስክርቢቶ ማቅለሚያው ፀሐይ ሲመታው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ፋይል ውስጥ ችግር የለውም፣ መስኮት አጠገብ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ግን ታይዋለሽ። ለሰነድ የሚሆን ቀለም ዓለም አቀፍ መለኪያ አለው፣ አይ.ኤስ.ኦ 12757-2 ይባላል። ቀለሙ በውኃ፣ በአልኮል፣ በማጽጃ ኬሚካልና በብርሃን እንዳይጠፋ የሚፈትን ነው። ይህ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ባይኖር አትጨነቂ፣ ካለ ግን ከሌለው ይልቅ እሱን አስቀድሚ።

እዚሁ ጎጃም ውስጥ በዲማ ጊዮርጊስና በመርጡለ ማርያም ዓይነት ገዳማትና አድባራት ብራና የሚጽፉ ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ነበር የሚያዘጋጁት። ጥላሸት ካርቦን ነው፣ ካርቦንን ደግሞ ፀሐይ አያነጣውም። ለዚህ ነው መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ ብራና ዛሬም ጥርት ብሎ የሚነበበው። በአሁኑ ዘመንም እንዲህ የደቀቀ ዱቄት ያለው ቀለም ይሠራል። ለምሳሌ ዩኒቦል 207 ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ቼክ ላይ የተጻፈን አጥቦ ለመቀየር ለሚሞክር ሰው ያስቸግራል። ግን እሱም ጄል ነው፣ በካርቦን ወረቀት ወደ ቅጂው አያሳልፍልሽም። የካርቦን ቅጂ የሌለው ደብዳቤ ላይ ለመፈረም የምትገዢ ከሆነ መልካም።

ከምንም በላይ የማስጠነቅቅሽ ስለሚጠፋ እስክርቢቶ ነው። ጀርባው ላይ ጎማ አለው፣ የጻፍሽውን ስታሺው ይጠፋል። ከእነዚህ ታዋቂው የፓይለት ፍሪክሽን ነው። ለተማሪ ማስታወሻ ጥሩ ነገር ነው። የሚሠራው በሙቀት ነው፤ ሲታሽ ይሞቃል፣ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀለሙ መታየቱን ያቆማል። እንግዲህ አስቢው፦ ሞዴል 22 በእሱ ሞልተሽ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብትተይው፣ ወይም አንድ ተንኮለኛ ሰው አሽቶ 10 የነበረውን 100 ቢያደርገው ፊርማው ያንቺው ነው። ሰው ቢሰጥሽም ቢሮ ይዘሽ አትግቢ።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ከነጋዴ የሚመጣልሽ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው፣ ሲቆይ ይነጣል። እንደደረሰሽ ፎቶ ኮፒ አንሥተሽ ከዋናው ጋር አያይዢው። ፕላስተር ፊት ለፊቱ ላይ አትለጥፊበት፣ ያጠፋዋል።

ስለ ግራ እጅሽ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ እጅሽ አሁን በጻፍሽው ላይ እየሄደ ነው። ጄል ለመድረቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ገጹንም መዳፍሽንም ያበላሽብሻል። የተራ እስክርቢቶ ቀለም ግን ወዲያው ይደርቃል። ሌላው፣ በቀኙ የሚጽፍ ሰው እስክርቢቶውን ይስባል፣ አንቺ ትገፊዋለሽ። ስትገፊው ቀጭን ጫፍ ወረቀቱን ይቧጥጣል፣ በተለይ የመንግሥት ቅጽ የሚታተምበት ሻካራ ወረቀት ላይ። 1.0 ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ቀኝ እጅ ብትሆኚ ኖሮ 0.7 ነበር የምልሽ። ወረቀቱን ራስጌውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብዪው፣ እጅሽን ከመስመሩ በታች አድርጊው። አንቺን ዕቃ ቆጠራ ላይ ብዙ ቁጥር ስትጽፊ የሚያደክምሽ አንጓሽ ነው፣ ይህ ያሳርፈዋል። ቀፎው በጣም ቀጭን ከሆነም ጣት ያደክማል፤ ወፈር ያለ ወይም ጎማ መያዣ ያለው ፈልጊ።

የአጎትሽ ብዕር። ውድ ስጦታ ነው፣ እሱ ያየልሽን ነገር አከብራለሁ። ቀለሙ ውኃማ ስለሆነ ስስ ወረቀት ላይ ይሰርጋል፣ ጀርባው ድረስ ያልፋል። ለግል ማስታወሻሽና ጥሩ ወረቀት ላይ ለምትጽፊው ደብዳቤ ተጠቀሚበት። አንድ ነገር ግን እወቂ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ትወርጃለሽ፣ ከድልድዩ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ትወጫለሽ። ከ1000 ሜትር በላይ ነው በአጭር ጊዜ የምትወጪው። ከፍ ባልሽ ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ክዳኑ ውስጥ ያፈስሰዋል። ግማሽ የሞላ ብዕር በኪስ ይዞ የሄደ ሰው ነጭ ሸሚዙ ሲበላሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወይ ሙሉ አድርገሽ ሙይው፣ ወይ ባዶ አድርጊው፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁመሽ ያዢው። ተራ እስክርቢቶ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

የተራ እስክርቢቶ ችግር ብርድ ነው። በእናንተ አገር ጠዋት የሚያንቀጠቅጥ ነው፣ ወፍራም ቀለም ደግሞ ሲበርደው ይበልጥ ይወፍራል። ጠዋት መጋዘን ገብተሽ እምቢ ካለሽ የተበላሸ መስሎሽ አትጣይው። መዳፍሽ ውስጥ አድርገሽ ትንሽ አሙቂው፣ ከዚያ ትርፍ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጊ። ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ ወይም ተጋድመሽም አትጻፊ፤ ቀለሙ ወደ ኳሷ የሚወርደው በክብደቱ ስለሆነ ጫፉ ወደ ላይ ሲዞር አየር ይገባበታል። ዕቃ ቆጠራ ላይ ከወረቀቱ ሥር የሚያዝ ጠንካራ ሰሌዳ ይኑርሽ።

ስትገዢ እንዲህ አድርጊ። ባለሱቁ ባቀረበልሽ ወረቀት ላይ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ስበሽ አትርኪ፣ ሁሉም እስክርቢቶ ጠመዝማዛ ይስባል። ስምሽን፣ ከ0 እስከ 9 ቁጥሮችንና ፊርማሽን ጻፊ። ወዲያው በጣትሽ አሽተሽ እዪው። ከተቻለ ካርቦን ያለበት ወረቀት ይዘሽ ሂጂና ሥሩን ገልጠሽ ተመልከቺ። ከተስማማሽ አንድ ብቻ አትግዢ፣ ያንኑ ዓይነት ጥቂት አድርጊ፤ አንድ ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ሲታይ «በኋላ የተጨመረ ነው» ያሰኛል። ከመጀመሪያ ደሞዝሽ ለእስክርቢቶ ብዙ ማውጣት አያስፈልግሽም፣ ውድ ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ ዋጋቸው ቀፎው ላይ ነው። የሚያምር ቀፎ ደስ ካለሽ ግን ቱቦው የሚቀየር ዓይነት ግዢ፤ የፓርከር ዓይነት ቱቦ ሌሎች ፋብሪካዎችም ስለሚሠሩት ቀፎውን ይዘሽ ቱቦውን ብቻ ትተኪያለሽ።

ሰማያዊ ያልኩሽ ዋናው ከፎቶ ኮፒ ወዲያው እንዲለይ ነው። ጥቁር ኮፒ ሲደረግ ይደምቃል፣ ግን ኮፒውን ከዋናው መለየት ያስቸግራል። ቀይ ቀለም ለኦዲተርና ለመምህር ተዪው። የመሥሪያ ቤትሽ ልማድ ጥቁር ከሆነ ግን ከኃላፊሽ ጋር አትከራከሪ፣ ጥቁሩን ያዢ።

ባለጉዳይም «አንዴ እስክርቢቶሽን» ማለቱ አይቀርም። ሌላ አንድ ተራ እስክርቢቶ በሲባጎ ጠረጴዛው ላይ እሰሪለት። ያንቺን አትስጪ።

የመጨረሻው ስለ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ትሳሳቻለሽ፣ ሁሉም ይሳሳታል። ፍሉድ ቢሮሽ ውስጥ አይኑር። ቃለ ጉባኤ ላይ ከተሳሳትሽ ያንን ቃል ሥሩ እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዢው፣ ትክክለኛውን ከላዩ ጻፊ፣ አጠገቡ ፈርሚ። ሞዴል 19 ወይም 22 ላይ ከሆነ ግን ስርዝ ድልዝ አትነካኪ። ሁሉንም ቅጂ «ተሰርዟል» ብለሽ ጻፊበት፣ አንዱንም ሳትገነጥዪ ፓዱ ላይ ተዪው፣ አዲስ ቁጥር ቁረጪ። ብዛት በአሃዝም በፊደልም ጻፊ፣ የተረፈውን ባዶ መስመር በሰረዝ ዝጊው። ሥራ ስትጀምሪ ካንቺ በፊት የነበረ ሠራተኛ ካለ ያለፈውን ዓመት ፓድ አሳየኝ በዪውና ቅጂዎቹን ገልጠሽ እዪ፤ የትኛው እስክርቢቶ እንዳሳለፈ፣ የትኛው እንዳላሳለፈ እዚያው ታይዋለሽ።