የናቫሆ ተረቶች ለምን በብርድ ወራት ብቻ ይነገራሉ?

ሰላም እህቴ። የናቫሆዎች (በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ ነባር ሕዝብ) ተረቶች በብርድ ወራት ብቻ የሚነገሩት ለምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ብትጀምሪ እንደሚሻልም ጠይቀሻል።

በተለይ የኮዮት (ቀበሮ የሚመስል የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ተረቶች የሚነገሩት የመጀመሪያው ውርጭ ከወረደ በኋላ፣ የፀደይ ነጎድጓድ እስኪሰማ ድረስ ነው። ያኔ እባብና ድብ ተኝተዋል። ነቅተው ሳሉ ስለ እነሱ መተረት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እባክሽ አንቺም ደንቡን አክብሪላቸው።

ለመጀመር የከዋክብቱን ታሪክ እመርጥልሻለሁ። በተረቱ ኮዮት ችኩል አታላይ ነው። ከአማልክታቸው አንዱ የሆነው ጥቁሩ አምላክ ከዋክብትን አንድ በአንድ፣ በሥርዓት ሰማይ ላይ ሲያኖር ኮዮት መጠበቅ አቃተው። የቀሩትን አንስቶ በተናቸው። ሞትንም ያመጣው እሱ ነው። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ጣለና «ከሰመጠ ሰው ይሞታል» አለ። ድንጋዩ ሰመጠ። ሰዎች ሲቆጡት ግን «ማንም ባይሞት ምድር አትበቃንም» ብሎ መለሰ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ መልስ ነው።

የፍጥረቱ ታሪክ ረጅም ነው። ሰዎቹ ከታችኛው ዓለም ወደ ላይኛው እየወጡ፣ በመጨረሻ ከጎርፍ ሸሽተው በሸምበቆ ውስጥ ወደዚህኛው ይደርሳሉ። ምድራቸውን አራት ቅዱስ ተራሮች ይከቡታል። ከእነዚህ አንዱ ኒው ሜክሲኮ ያለው ማውንት ቴይለር ነው። በአካባቢው የሚታየው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ በተረቱ ያሉ ሁለት መንትያ ጀግኖች የገደሉት ግዙፍ ጭራቅ ደም ነው ይላሉ።

ታሪኩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ስለዚህ አንዱን «ትክክለኛው» ብለሽ አትያዢ፤ ናቫሆዎች ራሳቸው የተረኩትን አስቀድሚ።