ዋና ለማይችሉ ባልና ሚስት ሳንቶሪኒ ወይስ ማልታ? እኔ ናክሶስ እላለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ባጭሩ ልመልስልሽ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ኦገስት ላይ የ10 ቀን ኡርላውብ (የሥራ ፈቃድ) አላችሁ፣ የምትነሱት ከፍራንክፈርት ነው፣ ሁለታችሁም ዋና አትችሉም፣ ከተጋባችሁ ወዲህ የመጀመሪያ ጉዟችሁ ነው፣ ሳንቶሪኒ ይሻላል ወይስ ማልታ ነው ያልሽው። እኔና ባለቤቴ ሁለቱንም ሄደን አይተናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም አልመክርሽም፣ የምልሽ ናክሶስን ነው፣ እሷም እንደ ሳንቶሪኒ የግሪክ ደሴት ናት።

ከማልታ ልጀምር። እኛም እንደናንተ ትኬቱ ረክሶ ስላገኘነው ነው የሄድነው። እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋቸው ስለሆነ መግባባት አይቸግርም። አውቶቡስ በየቦታው አለ። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ የምትባለዋ ደሴት እሷ ናት፣ በስሙ የተጠራ ወሽመጥም አላት፣ እናቴ በስልክ ይህን ስትሰማ እልል ብላለች። ችግሩ ባሕሩ ጋ ስትደርሺ ነው። የማልታ ዳርቻ አብዛኛው አሸዋ ሳይሆን አለት ነው። ሰው ድንጋይ ላይ ፎጣውን ያነጥፍና በብረት መሰላል ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከመሰላሉ ሥር እግር የሚረግጠው ነገር የለም። ለዋናተኛ ገነት ነው፣ እኛ ግን ከፍለን ሄደን ሰው ሲዋኝ አይተን መጣን ማለት ይቻላል። ኮሚኖ የምትባለዋ የማልታ ትንሽ ደሴት ላይ ያለው በፎቶ የምታዪው ብሉ ላጉን ደግሞ በጀልባ በጀልባ ሰው ይራገፍበታል፣ እኩለ ቀን ላይ መርካቶ ነው። አሸዋማውንና ጥልቀት የሌለውን የሜሊሃ ቢች ያወቅነው ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። ማልታ ካላችሁ እዚያው አጠገብ እደሩ።

አሁን የምነግርሽ ትንሽ ከጥያቄሽ ይወጣል። ማልታ ላይ ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር። እሱ በ2008 ከሊቢያ በጀልባ ሲሲሊ የገባ ሰው ነው። ታሪኩን ነግሮኛል፣ አውቀዋለሁ፣ ግን ፎቶ ልነሳበት የመጣሁት ባሕርና እሱ የነገረኝ ባሕር አንድ መሆኑ እንዴት እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በአራተኛው ቀን እራት ላይ «ከዚህ ሊቢያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስልኬ ላይ እያየሁ ነበር» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። አንቺ ባልሽ በየት እንደመጣ አልጻፍሽም፣ መጻፍም የለብሽም። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ጠይቂው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ በዚያ ውሃ ላይ የመጣ ብዙ ሰው አለ፣ ወንድሙን እዚያው ትቶ የመጣም አለ።

ሳንቶሪኒ ለዓይን ነው። ፎቶ ላይ የምታዪአቸው ነጫጭ ቤቶች ከባሕሩ በጣም ከፍ ብለው ገደል አፋፍ ላይ ነው ያሉት፣ ቢቹ ሌላ ቦታ፣ በደሴቷ በሌላኛው ወገን ነው። እሳተ ገሞራ የሠራት ስለሆነች አሸዋውና ጠጠሩ ጥቁር ነው፣ በኦገስት ፀሐይ ባዶ እግርሽን ከረገጥሽው ምጣድ ላይ እንደመቆም ነው። አንድ ቀን ሄዳችሁ ጀምበር ስትጠልቅ አይታችሁ ተመለሱ። አሥር ቀን? ገንዘባችሁን ባትጨርሱት።

ቀርጤስንም ሞክረናል። ኤላፎኒሲ የሚባለው ቢች አሸዋው ሮዝ ነገር ይቀላቅላል፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ሆኖ ማዶ ያለችው ትንሽ ደሴት ላይ በእግር ትሻገሪያለሽ። እውነትም ያምራል። ግን ቀርጤስ ጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 260 ኪሎ ሜትር የሚሆን ትልቅ ደሴት ነው፣ መኪና ያስፈልጋል፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። መኪና ያከራየን ድርጅት ደግሞ የባንክ ካርዳችንን «ክሬዲት ካርድ አይደለም» ብሎ አልቀበልም አለና በግድ ውድ ኢንሹራንስ ሸጠልን። ውሉን ቤት ሆነሽ አንብቢው።

ናክሶስን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው፣ እስካሁን ሦስቴ ተመልሰናል። ከተማዋ ውስጥ፣ ከወደቡ በእግር የሚደረስ አጊዮስ ጊዮርጊዮስ የሚባል ቢች አለ፣ የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ውሃው ሩቅ ድረስ ከወገብ አያልፍም። ሕፃናት የያዙ ግሪኮች የሚሞሉት ለዚህ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፣ በሁለተኛው እስከ ጉልበቱ። ሜዲትራኒያን እንደ ውቅያኖስ ሲሞላና ሲጎድል ብዙም አይታይበትም፣ ጠዋት ጉልበቱ ጋ የነበረው ውሃ ማታም ጉልበቱ ጋ ነው። ይህ ነገር በጣም አረጋጋው። በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱን ሙሉ እዚህ ጀርመን በከተማው መዋኛ የአዋቂዎች ኮርስ ገባን። አንዲት አሮጊትና እኛ ብቻ ነበርን ጀማሪዎቹ። አሁን እሱ ከኔ ይበልጣል።

በከተማዋ አውቶቡስ አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ፣ አጊያ አና፣ ከዚያ ፕላካ ትሄጃለሽ፣ ሦስቱ ተከታትለው ነው ያሉት። ፕላካ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቦታ አይጠፋም። ጃንጥላና ሁለት መጋደሚያ አምና 30 ዩሮ ከፍለናል፣ ግን ግዴታ አይደለም። በግሪክ ሕግ ከቢቹ አንድ ክፍሉ ነፃ መሆን አለበት፣ ፎጣሽን አንጥፊና ተኚ፣ ማንም አያስነሳሽም።

ስለ ኦገስት ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ነፋሱ ነው። መልተሚ ይሉታል፣ ከሰሜን ይነሳና ጁላይና ኦገስት ላይ አንዳንዴ ለቀናት አይቆምም፣ አሸዋ ፊትሽን ይገርፈዋል፣ ሲብስም ፌሪ (ሰው የሚያመላልሰው መርከብ) ይሰረዛል። ስለዚህ ከናክሶስ ወደ አቴንስ የምትመለሱበትን ፌሪ ከአውሮፕላናችሁ ቢያንስ በአንድ ቀን አስቀድሙት። ሁለተኛው ኦገስት 15 ነው። ለነሱ ፍልሰታ ነው፣ ግሪክ በሙሉ ወደ ደሴትና ወደ ገጠር ይነቅላል፣ ክፍልም የፌሪ ቦታም አይገኝም። የሚያስቀው፣ እነሱ ጾሙን ኦገስት 1 ጀምረው በ15 በግ ሲጠብሱ እኛ ገና ነሐሴ 9 ላይ ነን፣ ጾሙ አጋማሽ ላይ። የምትጾሙ ከሆነ ግን እንደ ግሪክ የሚመች አገር የለም። «ኒስቲሲሞ» በያቸው፣ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ አለ፣ ፋቫ የሚሉት ደግሞ በርበሬ የረሳው ክክ ወጥ ነው፣ ሚጥሚጣ ይዘሽ ሂጂ። ኦክቶፐስም ደም የለውም ብለው በጾም ይበሉታል። እኔ ስምንት እግር ያለው ነገር በፍስክም አልበላም።

ፈቃዱን ማዛወር ከቻላችሁ ሴፕቴምበር ላይ አድርጉት። ልጅ ስለሌላችሁ የትምህርት ቤት እረፍት አያስራችሁም። ትኬቱም ክፍሉም ይረክሳል፣ ባሕሩ በሰመር የጠጣውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ከጁን ይልቅ ይሞቃል፣ ነፋሱም ረገብ ይላል። እኛ ዕንቁጣጣሽን ሁለት ጊዜ እዚያ አክብረናል። አደይ አበባ የለም፣ ቡና ግን አፍልተናል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ግሪክም እንደ ጀርመን ሼንገን (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ስለሆነች ቪዛ አትጠየቁም፣ ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ቀኑ ያላለፈበት ያዙ። ሆቴል ስትገቡ ኢንተርኔት ላይ ከከፈላችሁት ሌላ የአየር ንብረት ክፍያ ይጠይቋችኋል፣ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል በአዳር እንደ ኮከቡ ከ2 እስከ 15 ዩሮ ነው፣ አጭበረበሩን ብላችሁ እንዳትጣሉ። «እኛ ጥቁር ነን ፀሐይ አይነካንም» የሚለውን እርሺው፣ የኔ ትከሻ ተልጦ ሳምንት በሆዴ ተኝቻለሁ፣ የፀሐይ ክሬም ተቀቡ። ፀጉርሽን ከመሄድሽ በፊት ሹሩባ ተሠሪ፣ ጨው ውሃ ያደርቀዋል። የውሃ ጫማም ከዚሁ ግዙ፣ ድንጋይ ባለበት ቦታ ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት አለ፣ ከረገጥሽው በመርፌ ነው የሚለቀመው።

ቀኑን ስትወስኑ ጻፊልኝ፣ የምናርፍበትን ቤት ባለቤት ስልክ በውስጥ እልክልሻለሁ። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ግን ይግባባሉ። ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ብቻ፣ የወሰድኩላቸውን ሽሮ ጨርሰው በልጃቸው በኩል ጠይቀውኛል።