የመጀመሪያዋ ጥይት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሙቀቱ ወራት ሊያልቁ ሲሉ ይህ ዓምድ በደብዳቤ ይጥለቀለቃል። የአደኑ ወቅት እየቀረበ ነው፤ ወንዙም ሞቆ ጎድሏል። ከመጡት ውስጥ አራቱን መርጫለሁ። ሁለቱ ስለ ጠመንጃና ስለ ዝግጅት፣ አንዱ ስለ ዓሣ፣ የመጨረሻው ደግሞ አጭር ቢሆንም ሊታለፍ የማይገባው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ለአደን የምወጣው በጓደኛዬ ጠመንጃ ነበር። አሁን ፈቃዴን ስለጨረስኩ የራሴን ልገዛ ነው። አንድ ሰው .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ያገለገለ ጠመንጃ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በጥሩ ዋጋ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። የማድነው መካከለኛ አጋዘን ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ ተኩሼ አላውቅም። ሁሉም «ትልቁን ግዛ፣ ለሁሉም ይሆንሃል» ይለኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ። ጠመንጃውን አላየሁትም፤ ደህና ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ጥይቱ ነው። .300 ዊንቸስተር ማግነም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ፣ ትልልቅ እንስሳትን ከሩቅ ለሚያድን ሰው የሚሆን ኃይለኛ ጥይት ነው። ትከሻም ላይ በደንብ ይማታል። ለአጋዘንና ለ200 ሜትር .308 ዊንቸስተር ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። እሱ ከ1952 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። በብዙ ዓይነት ይመረታል፤ ምቱንም ጀማሪ ይለምደዋል።

ምቱን ለምን እንዲህ እንዳከበድኩት ልንገርህ። በተኩስ ሜዳ ባሰለጠንኩባቸው ዓመታት ከምንም በላይ ሰው ሲያስት ያየሁት ፍርሃት ነው። ትከሻው የተመታ ሰው ሳያውቀው መዘጋጀት ይጀምራል። ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይገፋል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። ራሱን ብትጠይቀው «ኧረ እኔ አልፈራም» ይልሃል፤ የምሩን ነው፣ አይታወቀውም። መፈተኛው ቀላል ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ጠመንጃውን ጓደኛህ ያጉርስልህ። አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ያስገባ፤ አንተ አትይ። ባዶው ላይ ምላጩን ስትስብ ጠመንጃው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ወደ ታች ከጠለቀ ያጠለቅኸው አንተ ነህ። በትልቅ ጥይት የጀመረ ሰው ይህን አመል ለማራገፍ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው መሆኑ ነው። ጥይቷ ልብና ሳንባ ላይ ማረፍ ሲገባት ሆድ ላይ ታርፋለች።

ያገለገለ ጠመንጃ መግዛቱን ግን አልቃወምም። በደንብ የተያዘ ጠመንጃ ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ሻጩ ፊት እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፤ እሱ «ባዶ ነው» ስላለህ ብቻ አትመን። መቀርቀሪያውን አውጥተህ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙርና ከኋላ በኩል በቱቦው ውስጥ ተመልከት። ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካየህ ዝገት በልቶታል ማለት ነው።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳውን ፈትሽ፦ የአፈሙዙን ጫፍ። ጥይቷ ከጠመንጃው ስትለይ መጨረሻ የምትነካው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ከተጎዳ ከጥይቷ ኋላ የሚወጣው ጋዝ በአንድ ጎን ቀድሞ ይወጣና ጥይቷን ያዛባታል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይዘህ ሂድ። ጥጡን በውስጠኛው ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርገህ አዙረው። ለስላሳ ከሆነ ጥጡ ዞሮ ይመለሳል። ቀጭን ክር እየነጨ የሚያስቀር ቦታ ካለ እዚያ ላይ ስንጥር አለ። ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል፤ አንተ ግን ከመክፈልህ በፊት ማወቅ አለብህ።

እንጨቱንም እይ፤ በተለይ ብረቱና ሰደፉ የሚገናኙበትን ቦታ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቆ ከሆነ የማያውቅ ሰው ሲፈታታው ኖሯል። ደስ ካለህ በኋላ፣ ከመተኮስህ በፊት፣ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጓዳ ልክ በመለኪያ የሚፈትሽልህ ጠመንጃ ሠሪ ጋ ውሰደው። እሱን በዓይን መገመት አይቻልም።

በመጨረሻ ልክህ መሆኑን ሞክር። ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አስደግፈው፣ ጉንጭህን አሳርፍ፣ ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ወዲያው ከታየህ ልክህ ነው። አንገትህን ወደፊት እየሳብክ ክቡን የምትፈልግ ከሆነ ወይ መነጽሩ ይነሳል፣ ወይ ሰደፉ ይስተካከላል፣ ወይ ሌላ ትፈልጋለህ። ብዙዎቹ የማነጣጠሪያ መነጽሮች ከዓይን 9 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ይፈልጋሉ። ያንን ሳይጠብቅ የሚጠጋ ሰው ቅንድቡን ይሰነጠቃል። የሚቆለፍ ካዝናውን ደግሞ ከጠመንጃው በፊት ግዛ፤ ጥይቱ ለብቻው በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ሰው ነኝ። ወቅቱ ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ተኩስ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ አስደግፌ ስተኩስ ጥይቶቼ በ100 ሜትር አንድ ላይ ይወድቃሉ። ባለፈው ወቅት ግን 150 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን አቁስዬ ጠፋብኝ። እስከ ማታ ፈልጌ አላገኘሁትም። እስካሁን ይከነክነኛል። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ መከንከንዎ ተገቢ ነው፤ የማይከነክነው ሰው ቢቀርብኝ ጥያቄውንም አልመልስለትም ነበር። የጎደለዎት ከጠረጴዛው መነሳት ይመስለኛል። ጠረጴዛ የሚነግርዎት ጠመንጃው ምን እንደሚችል ነው። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ተንበርክከው፣ ትንፋሽዎ ሳይረጋ፣ ዛፍ ተደግፈው ነው የሚተኩሱት።

ስለዚህ መነጽሩ በ100 ሜትር መስተካከሉን አንዴ ካረጋገጡ ጠረጴዛውን ይተዉት። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ካርቶን ይስቀሉ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በግምት ይህን ያህል ነው። ከ50 ሜትር ይጀምሩ። ተቀምጠው፣ ተንበርክከው፣ በማስደገፊያ ዱላ ቆመው ይተኩሱ። ሁሉም ጥይት ክቡ ውስጥ ከገባ ትንሽ ይራቁ። አንዷ እንኳ መውጣት የጀመረችበት ርቀት ከእርስዎ አቅም በላይ ነው። ለአንዱ 180 ሜትር፣ ለሌላው 90 ሜትር ሊሆን ይችላል። 90 ከሆነ 90 ነው፤ ከዚያ ርቆ የቆመው አጋዘን ይለፍ።

ሌላው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። ተኩስ ሜዳ ላይ ሦስት አራት ጥይት ሲተኮስ ቱቦው ይሞቃል፣ ትከሻም ይለምዳል። አደን ላይ ያለችዎት ግን ከቀዝቃዛ ቱቦ የምትወጣው አንዷ ናት። ከተጸዳ በኋላ ዘይት የቀረበት ቱቦ ደግሞ የመጀመሪያዋን ጥይት ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዳት ይችላል። በእነዚህ አምስት ሳምንታት ሜዳ በሄዱ ቁጥር አንድ ካርቶን ለመጀመሪያዋ ጥይት ብቻ ይለዩ። አንዷን ይተኩሱበት፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ያንሱት። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ካርቶን መልሰው ይስቀሉ። ወቅቱ ሲከፈት እውነተኛ አቋምዎ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። የሚለማመዱበትም የሚያድኑበትም ጥይት አንድ ዓይነት ይሁን፤ የጥይቱ ክብደት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል። የ.308ን ያህል ፍጥነት ያለው ጥይት በ100 ሜትር ከተስተካከለ በ200 ሜትር 10 ሴንቲሜትር ያህል፣ በ300 ሜትር ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። የራስዎን ጥይት መውረድ በካርቶን ላይ ያረጋግጡ።

ቤት ውስጥም መለማመድ ይቻላል። ጥይት ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግመው ይዩ። ጥይት ሊያልፈው ወደማይችል ግድግዳ ያነጣጥሩና ምላጩን ቀስ ብለው ይሳቡ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ሳይነቃነቅ «ጠቅ» ካለ ጥሩ ነው። ዘመናዊ ትልልቅ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ይህን ይችሉታል፤ .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ ግን ባዶውን አይሳቡት፣ መምቻው ይጎዳል።

ጫማዎን ከዛሬ ጀምሮ ያድርጉት። የሚሸከሙትን ቦርሳ ይዘው ዳገት ይውጡ፤ በዕድሜ ገፋ ላለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ማየት ነውር የለውም። ነፋሱንም ያጥኑ። ዳገታማ ቦታ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይነፍሳል፣ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ጥሩ የነበረው መቀመጫ ማታ ጠረንዎን አሳልፎ ይሰጣል።

እንስሳው ተመትቶ ከሮጠም ወዲያው አይከተሉት። የቆመበትን ቦታ በምልክት ይያዙ፣ ሰዓት ይዩ፣ ይጠብቁ። የቆሰለ እንስሳ ካልተባረረ ቅርብ ቦታ ይተኛል፤ ከተባረረ ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ርቆ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። የያዝኩትን ሁሉ እለቃለሁ። በዚህ ሙቀት የምወጣው ሲመሽ፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሰሞኑን ግን የለቀቅኳቸው ዓሦች ጥቂት ዋኝተው ሆዳቸውን ገልብጠው አየሁ። በጥንቃቄ ነው የምይዛቸው፤ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓቱ ነው። ምሽት ላይ የሚቀዘቅዘው አየሩ ነው። ውሃው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ እንደ ምጣድ ቶሎ አይበርድም፤ በጣም የሚሞቀው ከሰዓት በኋላ መገባደጃና አመሻሹ ላይ ነው። የሚቀዘቅዘው ሊነጋ ሲልና ፀሐይ እንደወጣች ነው። ስለዚህ ማልደሽ ሂጂ፣ ፀሐይ ከፍ ሳትል ተመለሺ።

ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አንድ ሊትር ውሃ እስከ 11 ሚሊግራም ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ላይ ወደ 9 ይወርዳል። የዓሣው ሰውነት ደግሞ በሙቀት ጊዜ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። በዚህ ላይ ታግሎ ሲደክም ከእጅሽ በሰላም የሄደ ይመስልና በኋላ ይሞታል። ትንሽ ቴርሞሜትር በክር አስረሽ ያዢ። ውሃው 20 ዲግሪ ከደረሰ ትራውት ማጥመድ አቁሚ። እኔ 18 ላይ ዘንጌን እጠቀልላለሁ።

ትግሉንም አሳጥሪው። ከዝንቡ በላይ የሚታሰረውን ስስ ክር፣ ቲፔቱን፣ ምን ያህል አድርገሻል? ብዙ ጀማሪ 6 ኤክስ ያስራል። እሱ 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ «ይበጠስብኛል» ብለሽ ዓሣውን ስታባብዪ ትቆያለሽ። 4 ኤክስ 0.18 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጉን ወደ ጎን አዘንብለሽ በደንብ መሳብ ትችያለሽ። በዚህ ወቅት ደስ የሚለው ደግሞ ወፍራም ክር የሚችል ዝንብ መኖሩ ነው። ሣሩ ደርቆ ፌንጣው በዝቷል፤ ነፋስ ሲመጣ ከዳር ወደ ውሃ ይወድቃል። የፌንጣ ምስል ያለው ትልቅ ዝንብ ከዳሩ አንድ ክንድ ራቅ አድርገሽ ጣይ። በቀስታ ማረፍ የለበትም፣ እውነተኛውም ጧ ብሎ ነው የሚወድቀው። ከጉንዳንና ከጢንዚዛም ጥቂት ያዢ።

የመንጠቆውን ሾህ በፒንሳ ጨፍልቂው። እጅሽን ሳታረጥቢ ዓሣ አትንኪ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆውን ውሃ ውስጥ እንዳለ አውጪ። ፎቶ ከፈለግሽ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ዓሣውን አንስተሽ ወዲያው መልሺው። ከደከመ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙረሽ ያዢው፣ ወደፊትና ወደኋላ አትግፊው። ራሱ ጅራቱን መትቶ ሲወጣ ልቀቂው።

ጥያቄ፦ እኔ 12 ቁጥር ሾትገን፣ ልጄ 20 ቁጥር ይዘን ለወፍ አደን እንወጣለን። ጥይቱን በአንድ ቦርሳ ብንይዝ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ከባድ ነው፤ በፍጹም አታድርጉት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቱቦው ይጠባል። የ12ቱ ውስጥ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ20ው 15.6 ገደማ ነው። በስህተት የ20 ጥይት የ12ቱ ውስጥ ከገባ ጓዳው ላይ አይቆምም፤ አልፎ ወደፊት ይንሸራተትና ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራል። ጠመንጃው ባዶ ይመስላል። ከኋላው የ12 ጥይት ይገባል። ሲተኮስ ቱቦው ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው ደግሞ ግራ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። የ20 ቁጥር ጥይት ቢጫ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኑ፣ ያረጀና የተለየ ቀለም ያለውም አለ። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቦርሳ ያዙ። ከቤት ስትወጡ ኪሳችሁን ገልብጣችሁ ባዶ መሆኑን እዩ፤ ካለፈው ጊዜ የቀረ ጥይት የሚገኘው እዚያ ነው። ምላጭ ተስቦ ጠመንጃው ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ እንደያዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። ሌላ ጥይት ከማስገባታችሁ በፊት በቱቦው ውስጥ ከጓዳው በኩል አሻግራችሁ ብርሃን እዩ። ብርሃን ካልታየ ያን ጠመንጃ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።