ብየዳ ለመማር ማሠልጠኛ ልግባ ወይስ ረዳት ሆኜ ልጀምር?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰሻል፤ በያጅ መሆን ትፈልጊያለሽ። የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያላቸው ዘመድሽ «ነይና ረዳት ሁኚ፣ እያየሽ ትለምጃለሽ» ብለውሻል። በሌላ በኩል የአንድ ዓመት የሙያ ሥልጠና አለ። የቱ እንደሚሻል ነው የጠየቅሽኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨምረሻል፦ አንዴ ሞክረሽ ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ ብረቶቹን የሚያያይዘው ዘንግ) ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረሽና «ምናልባት እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብለሻል።

ከእሱ ልጀምር። ይህ ስጋት ካልወጣልሽ ሌላው ምክር አይገባሽም።

ኤሌክትሮድ ያልተጣበቀበት ጀማሪ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከእጅ አይደለም። አምፔሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መጠን፣ ዝቅ ካለ ይጣበቃል። ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘው የገመድ መቆንጠጫ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተያዘ ይጣበቃል። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከያዘም ያስቸግራል። ለምሳሌ 3.2 ሚሊሜትር የሆነ ኢ6013 ኤሌክትሮድ በግምት ከ90 እስከ 130 አምፔር ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ልክ ፓኮው ላይ ተጽፏል። ማሽኑ ተስተካክሎ ሳለ ከተጣበቀ አነሳስሽን እይ። ክብሪት እንደምትጭሪው ጫር አድርገሽ ወዲያው ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ያን ቀን ማሽኑን ማን አስተካከለልሽ? ማንም ካልነገረሽ ስለ እጅሽ ገና ምንም አላወቅሽም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እኔ ሁለቱንም ቦታዎች የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ በሳምንት ውስጥ ስንት ሰዓት አንቺ ራስሽ ትበይጃለሽ? የሕንፃው ማማርም ሆነ የሰርተፊኬቱ ማኅተም ይህን አይተካም። እጅ የሚለምደው በመበየድ ብቻ ነው።

ጥሩ ማሠልጠኛ «ለምን» የሚለውን ያስተምርሻል። ብረት ሲሞቅ ለምን እንደሚጣመም፣ ስዕል እንዴት እንደሚነበብ፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ኢ6013 ላይ 60 ማለት የብየዳው ጥንካሬ ቢያንስ በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ ቀጥሎ ያለው 1 በማንኛውም አቅጣጫ መበየድ እንደሚቻል ይናገራል። ይህን የማያውቅ በያጅ የሰጡትን ኤሌክትሮድ ይዞ ይሠራል፤ የሚያውቅ ግን ይመርጣል። ወርክሾፕ ደግሞ ማሠልጠኛ ውስጥ የማታገኚውን ይሰጥሻል፦ የዛገ ብረት፣ ልኩ ያልገጠመ መጋጠሚያ፣ ለነገ የተቀጠረ ደንበኛ።

ግን ሁለቱም ወጥመድ አላቸው። ረዳት ሆነሽ ስትገቢ ወራቱ በመሸከም፣ በመቁረጥና በግራይንደር በማለስለስ ሊያልፍ ይችላል። ዕድል ሲሰጥሽም ቤቱ የሚሠራው በርና መስኮት ብቻ ከሆነ የምታውቂው ስስ ብረት ብቻ ይሆናል። ማሠልጠኛው በበኩሉ ብዙ ተማሪ በአንድ ማሽን ተሰልፎ የሚጠብቅበት ከሆነ ዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት በተግባር ልምምድ ቀን ሂጂና በዓይንሽ እይ። ማሽኑን ቁጠሪ፣ ተማሪውን ቁጠሪ። ከሁሉም በላይ ቁርጥራጭ የሚጣልበትን ቦታ ተመልከቺ። የተበየዱ፣ የተቆረጡና የታጠፉ ብረቶች ተከምረው ካየሽ እዚያ ሥራ አለ። ባዶና ንጹሕ ከሆነ ተጠንቀቂ። አሠልጣኙንም «የተማሪውን ብየዳ ሰብራችሁ ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ብዙ ይነግርሻል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማሠልጠኛው ይህን ፈተና ካለፈ ግቢ፤ በዕረፍት ቀናትሽ ደግሞ ዘመድሽ ዘንድ ሥሪ። ካላለፈ ወይም አቅም ካልፈቀደ ከወርክሾፑ ጀምሪ፤ ነገር ግን በግልጽ ተነጋግራችሁ። «ሥራ ሲያልቅ በቁርጥራጭ ብረት ልለማመድ፤ እርስዎም አይተው ያርሙኝ» በያቸው። ይህን ከፈቀዱልሽ ትልቅ ዕድል ነው።

ልምምዱን በአንድ የብየዳ ዓይነት ጀምሪ። እኔ በኤሌክትሮድ ብየዳ ብትጀምሪ እመርጣለሁ። ሚግ (ሽቦው በማሽን እየተገፋ በጋዝ ከለላ የሚበየድበት) ቶሎ ይለመዳል፣ ቲግም (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በጋዝ የሚበየድበት) ውብ ነው፤ ነገር ግን በኤሌክትሮድ የሠለጠነ እጅና ዓይን ወደ ሁለቱም በቀላሉ ይሻገራል። ወፍራም ቁርጥራጭ ላይ ጎን ለጎን ቀጥ ያሉ መስመሮችን ሥሪ። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ ያለው ርቀት በግምት ከኤሌክትሮዱ የውስጥ ሽቦ ውፍረት አይብለጥ። ጀማሪ ሁሉ የሚያየው ብልጭታውን ነው። አንቺ ከሥሩ የቀለጠውን ኩሬ እይ። ኩሬው ጠርዞቹን ነክሶ እየሞላ ነው ወይስ ከላይ ብቻ እየተንሳፈፈ? ፍጥነትሽን የሚነግርሽ እሱ ነው። ይህን ማየት የጀመርሽ ቀን ብየዳ ገባሽ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ከዚያ ሁለት ብረት በቲ ቅርጽ አጋጥመሽ በአንድ ጎን ብቻ በይጂ። ሲቀዘቅዝ ብየዳውን የሸፈነውን ቅርፊት አንሺና በመዶሻ መትተሽ ስበሪው። ውስጡን እይ። ከላይ ያማረ መስመር ሥሩ ላይ ጭራሽ ሳይዋሃድ ሊገኝ ይችላል፤ አየር የቋጠረ ቀዳዳ ወይም የታፈነ ቅርፊትም ሊኖረው ይችላል። የሰበርሻቸውን በየተራ አስቀምጪና ቀን ጻፊባቸው። ጠፍጣፋው ሲያስተማምንሽ ወደ አግድም፣ ከዚያ ወደ ቁም፣ በመጨረሻም ከራስ በላይ ወደሚበየደው እለፊ። ቁም ብየዳ ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል፤ የቀለጠው ብረት ቁልቁል ስለሚፈስ ነው። አምፔሩን ትንሽ ቀንሺና ጠርዞቹ ላይ ቆም እያልሽ ከታች ወደ ላይ ውጪ።

ስለ ጤናሽ አጥብቄ ልናገር፤ ምክንያቱም ወርክሾፕ ውስጥ «ለምደነዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ያለ ማስክ ዓይን ጨፈን አድርጎ በነጥብ ማያያዝ የተለመደ ነው። አታድርጊው። ጨረሩ ዓይንን ሲያቃጥል ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ዓይን ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን አይችልም። የማስክሽ መስታወት የጥቁረት ቁጥር ለኤሌክትሮድ ብየዳ ከ10 ባያንስ ጥሩ ነው። ልብስሽ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጓንትሽ በልክሽ ይሁን፤ የሰፋ ጓንት የያዝሽውን ያስጥልሻል። ዚንክ የተቀባ ብረት ጭሱ ትኩሳት ያመጣል፤ ቅቡን ከመጋጠሚያው ላይ ፍቀሽ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሪ። የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ኤጀንሲ በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መካከል መድቦታል። ስለዚህ ፊትሽን ከጭሱ አውጪ፤ የሚስማማ የጭስ መከላከያም ጠይቂ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል «ባዶ ነው» ቢሉሽም አትንኪ። የኦክስጅን ሲሊንደር ዘንድ ዘይት ወይም ግሪስ አይድረስ።

ሥራ ስትፈልጊ ብዙ ቀጣሪ ከወረቀቱ ይልቅ «እስቲ በይጂ» ነው የሚልሽ። በማታውቂው ማሽን ስለሚፈትኑሽ መጀመሪያ በቁርጥራጭ ላይ አምፔሩን ለመሞከር ፍቃድ ጠይቂ። ይህ ያስከብርሻል እንጂ አያስንቅሽም። በትልልቅ ሥራዎች፣ በተለይ በቧንቧና ከፍተኛ ግፊት በሚይዙ ዕቃዎች፣ የብቃት ፈተና አለ። ከባዱ 6ጂ የሚባለው ነው፤ ቧንቧው በ45 ዲግሪ ዘምሞ ይታሰራል፣ አንቺ ትዞሪዋለሽ እንጂ እሱ አይዞርም። ዋና ዋናዎቹ ዓለም አቀፍ ደንቦች እንደሚሉት በያጅ ያለፈበትን የብየዳ ዓይነት 6 ወር ሳይሠራበት ከቆየ ብቃቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዢ፤ ቀኑን፣ የብየዳውን ዓይነት፣ የብረቱን ውፍረትና አቅጣጫውን ጻፊ፤ ያሠራሽን ሰው አስፈርሚ።

ማሠልጠኛውን አይተሽ ስትመለሺ ያየሽውን ጻፊልኝ፤ የማሽኑን ብዛትና የተግባር ሰዓቱን ጨምረሽ። ከዚያ አብረን እንወስናለን።