ጴጥሮስ ዝም ማለት ይችል ነበር?

እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ ሰው ነጻ ነው ወይ? ለሚለው የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ። ዲማ ቅኔ ቆጥሬ ኋላ ፍልስፍና የተማርኩ ነኝና ምሳሌዬ ከሁለቱም ቤት ነው።

ከቢቸና፦ መምህር፣ ነገ የማደርገውን ዛሬ ካወቀ ምን ምርጫ አለኝ?

ደጀን ላይ ከአፋፉ ቆመህ ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ተመልከት። ሾፌሩ ፊቱ ያለውን ኩርባ ብቻ ያያል፤ አንተ ከኩርባው ማዶ የሚመጣውንም መኪና ታያለህ። ስላየህ መሪውን አልጠመዘዝህም። ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ በ6ኛው መቶ ዓመት ታስሮ ሳለ የጻፈው ለዚህ ይቀርባል፦ ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ያያል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ፈተና ማለፌ ከታወቀ ለምን አጠናለሁ?

ጤፍህ እንደሚያፈራ የሚያውቅ አምላክ እንዳረምኸውም ያውቃል። ሂድና አጥና።

ከሞጣ፦ ጌታ ለጴጥሮስ «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ያለው ከክህደቱ በፊት ነው። አፋፉ ላይ ያለው ሰው ወርዶ ለሾፌሩ ቢነግረውስ?

ምሳሌዬን ገደል ከተትኸው፤ ደግ አደረግህ። የተነገረ ቃል ያለፈ ነገር ነው፣ ያለፈ ደግሞ አይለወጥም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኦክሃም በ14ኛው መቶ ዓመት ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ትንቢት በውስጡ «እንዲህ ካልሆነ በቀር» የሚል አለበት ወደ ማለት አዘነበለ። ለነነዌ ይስማማል፤ ንስሐ ገብታ ተርፋለች። ለጴጥሮስ ግን አይመቸኝም፤ ካደ እኮ። እኔ የምይዘው ሌላ ነው። በቅኔ ጆሮ የሚሰማው ሰሙን ነው፤ ባለቅኔው ግን ሰሙን የመረጠው ለወርቁ ብሎ ነው። ቃሉም በጊዜ ቀደመ እንጂ የተመሠረተው በጴጥሮስ ምርጫ ላይ ነው። ዝም ማለትም ሆነ መመስከር ይችል ነበር፤ እንዲያ ቢያደርግ ያ ቃል ከመጀመሪያውም አይነገርም ነበር።

ከደብረ ኤልያስ፦ ሞሊና የሚባለውስ?

በ1588 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ያሳተመ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነ ካህን) ነው። እግዚአብሔር የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን «ቢሆን ኖሮ» የሚሆነውንም ያውቃል ይላል። ዳዊት በቅዒላ ከተማ ሳለ ሳኦል ይመጣ እንደሆነ፣ የከተማይቱ ሰዎችም አሳልፈው ይሰጡት እንደሆነ ጠየቀ፤ አዎ ተባለ፤ ወጥቶ ሄደ፤ ሳኦልም ቀረ። መልካም ማስረጃ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን፣ ሰዎቹ ዳዊትን አልሰጡትም፤ ታዲያ «ይሰጡት ነበር» የሚለውን እውነት ያደረገው ምንድን ነው? የጴጥሮስ ቃል ቢያንስ የሚደገፍበት ድርጊት ነበረው።